ቢጫው የጎጃም ማር ከነጩ ጋር ሲቀመስ

ከደምበጫ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አስፋልት ጂጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፎ ዱርቤቴ እስኪደርስ ድረስ፣ ወሩ መስከረም ከሆነ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው። አደይ አበባው በየዳገቱ፣ መጩ በየማሳው ወሰንና በየግጦሹ፣ ኑጉ በየእርሻው ፈንድቶ ይታያል። መንገደኛው በመስኮት እያየ ያደንቃል። ንቧ ግን የምታጠፋው ጊዜ የላትም። ክረምቱን በዝናብ ታግታ ስንቋን ስትጨርስ ከርማለች፤ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ካልሞላች ዓመቱ አመለጣት ማለት ነው። ጥቅምት ሲያልቅና ኅዳር ሲገባ ገበሬው ጭሱን ይዞ ወደ ቀፎው ይሄዳል፤ የዓመቱ ዋናው ማር ይቆረጣል።

ማሩም እንደ አበባው ቢጫ ነው። በየገጠሩ ገበያ በቅልና በጀሪካን ይሸጣል፣ ነጋዴ ይሰበስበዋል፣ በመኪና ተጭኖ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ መጠሪያው «የጎጃም ማር» ከሚለው አያልፍም። ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ ከየትኛው አበባ እንደተቀሰመ የሚናገር የለም። ጎኑ ላይ ደግሞ ነጭ ማር ተደርድሯል፤ ገዥውም ገና ከበሩ «ነጩ ስንት ነው?» ይላል። ነጩ ውድ ነው፣ ቢጫው ረከስ ይላል፣ ቀዩና ጥቁሩ ለጠጅ ይሄዳል። ደረጃው የወጣው በዓይን ነው። ምላስ ይስማማ እንደሆነ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚሞክር ግን እምብዛም አይገኝም።

ጣፋጭን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማወዳደር በሌላው ዓለም እንደ ቁም ነገር የሚያዝ ሥራ ነው። ለዚህ አንዱ ምሳሌ የፓሪሱ ማካሮን ነው። ማካሮን ከአልሞንድ ዱቄት፣ ከስኳርና ተመትቶ አረፋ ከሆነ የእንቁላል ነጭ የሚሠራ፣ ሁለት ክብ ቅርፊት መሃሉ ላይ በክሬም የተጣበቀ፣ በአንድ ጉርሻ ሊያልቅ የሚችል ኬክ ነው። ላዱሬ የሚባለው ቤት ፓሪስ ውስጥ በ1862 እ.ኤ.አ. እንደ ዳቦ ቤት ተከፈተ፤ ሁለቱን ቅርፊት በክሬም የማጣበቁ ሐሳብ ደግሞ የመሥራቹ ዘመድ ለነበረው ለፒየር ዴፎንቴን ይሰጣል። ፒየር ኤርሜ የተባለው ኬክ ሠሪ በላዱሬ ቤት ከሠራ በኋላ የራሱን ቤት ከፈተ፤ ጽጌረዳን፣ ሊቺ የሚባለውን ፍሬና ራስቤሪን አጣምሮ «ኢስፓሃን» በሚል ስም የሚሸጠው ጣዕም ዛሬ በብዙ አገር ይቀዳል።

ከእነዚህ ቤቶች በፊት ግን ማካሮን የገዳም ምግብ ነበር። ናንሲ በምትባለው ከተማ ሥጋ የማይበሉ መነኮሳይያት ይጋግሩት ነበር። የፈረንሳይ አብዮት በ1792 እ.ኤ.አ. ገዳማትን ሲዘጋ ሁለቱ ከአንድ ሐኪም ቤት ተጠግተው ማካሮን እየሸጡ ኖሩ፤ የኖሩበት መንገድም ዛሬ በእነሱ ስም ይጠራል። የናንሲው ማካሮን ክሬምም ቀለምም የለውም፤ ገጹ የተሰነጣጠቀ ተራ ብስኩት ነው። በሰሜን ፈረንሳይ የምትገኘው የአሚየን ከተማ ደግሞ በማካሮኗ ውስጥ ማር ትጨምራለች።

ፓሪስ ውስጥ ቤቶቹን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው አሥር ዓይነት ጣዕም ከአንድ ቤት አይገዛም። አንድ ዓይነት ጣዕም፣ ለምሳሌ ቫኒላ ወይም ፒስታሽዮ፣ ከሦስት አራት ቤት በአንድ ቀን ይገዛል። ከለዘብተኛው ወደ ብርቱው ይሄዳል፤ በመሃል ውኃ ይጠጣል። ቅርፊቱ ሲነከስ ስስ ሆኖ መሰበሩን፣ ውስጡ መለስለሱን፣ የአልሞንዱ ጣዕም በስኳሩ አለመዋጡን ያያል። ቀኑንም ይጠይቃል። ማካሮን በተሠራበት ሰዓት ሳይሆን ብርድ ላይ አንድ ቀን ገደማ ሲያድር ይጣፍጣልና፤ የክሬሙ እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ገብቶ ያለሰልሰዋል። ለቀለሙ ግን ዋጋ አይሰጥም። አረንጓዴውና ሮዙ ከማቅለሚያ የመጣ ነው።

ይህ ሥርዓት ለማር እንዳለ ይሠራል። እንዲያውም ማር ይበልጥ ይገባዋል፤ የማካሮን ልዩነት ከሠሪው እጅ ሲሆን የማር ልዩነት ከመሬቱ፣ ከአበባውና ከወሩ ነው። ጣሊያኖች ይህን ቀድመው ተረድተው የማር ቀማሾች ብሔራዊ መዝገብ አላቸው፤ ሰልጥኖ ያልተፈተነ ሰው ስሙ አይሰፍርበትም። ማር በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነችው ኢትዮጵያ ደግሞ ሥራው ከጥንት ጀምሮ በማር ነጋዴውና በጠጅ ጣይዋ ምላስ ሲሠራ ኖሯል፤ ዕውቀቱ ግን ወደ ገዥው ቤት አልደረሰም።

ከመቅመስ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ከማር አምስት እጅ አራቱ ስኳር ነው፤ ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉት ሁለቱ ይበዛሉ። ከቀሪው አብዛኛው ውኃ ነው። አንዱን ማር ከሌላው የሚለዩት የአበባው ሽታ፣ ኮምጣጣነቱ፣ ምሬቱና ቀለሙ በጣም ጥቂት ከሆነችው ትራፊ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «የትኛው ይጣፍጣል?» ብሎ መጀመር አያዋጣም፤ ሁሉም ይጣፍጣል። ጥያቄው ጣፋጩ ሲያልፍ ምን ይቀራል የሚለው ነው።

አቀማመሱ ይህን ይመስላል። አራት ወይም አምስት ዓይነት ማር፣ ከዚያ አይበልጥም፤ ምላስ ይደክማል። እያንዳንዱ በትንሽ ብርጭቆ ተደርጎ ለጥቂት ደቂቃ ይከደናል፤ ሽታው እንዲሰበሰብ። መጀመሪያ ይሸተታል። ቀጥሎ በማንኪያ ጫፍ ተወስዶ ምላስ ላይ ይቆያል፤ ቶሎ አይዋጥም። አፍንጫን በጣት ይዞ መቅመስና ጥቂት ቆይቶ መልቀቅ ብዙ ያስተምራል፤ አፍንጫ እንደተዘጋ የሚሰማው ጣፋጭነት ብቻ ነው፤ ሲለቀቅ አበባው ይመጣል። በመሃል ለብ ያለ ውኃና ጨው ያልበዛበት ዳቦ ይበቃል። ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ መሄድ ይሻላል፤ በጥቁሩ የጀመረ ሰው ነጩ ባዶ ይሆንበታል።

ነጩ ይቅደም እንግዲህ። በአገራችን ስሙ የገነነው ነጭ ማር ከሰሜኑ ደጋ፣ ከትግራይ፣ ከዋግና ከላስታ ይመጣል። ምንጩ በትግርኛ ተበብ የሚባል፣ በድንጋያማ ዳገት ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። የውቅሮ ነጭ ማር ስሎው ፉድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ምግቦች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ይህ ማር ቶሎ ይረጋል፤ ሲረጋ ቅንጣቱ የደቀቀ ስለሆነ እንደ ቅቤ ይቀባል። ጣዕሙ ለዘብ ያለ፣ ሽታው የማይጮኽ ነው። ማር የማይወድ ሰው እንኳ ይበላዋል። ሁለተኛው ነጭ ማር ከደቡብ ምዕራቡ ደን፣ ከማሻና ከጌራ አካባቢ ይመጣል፤ ምንጩ ጌተም የሚባለው ትልቅ ዛፍ ነው። የሚቆረጠው በበልግ ማብቂያ ነው። ሁለቱ ነጮች መደርደሪያ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ ከድንጋያማ ደጋ፣ ሌላው ጥቅጥቅ ካለ ደን የመጡ፣ ወራቸውም የተለያየ መሆኑን ቀለሙ አይነግርም። ቀለም ብቻ አይቶ የሚገዛ የትኛውን እንደገዛ እንኳ አያውቅም።

የጎጃሙ ቢጫ ማር ተራው ሲደርስ ልዩነቱ ይሰማል። ሽታው ገና ብርጭቆው ሲከፈት ይመጣል፤ የመስከረም ሜዳ ሽታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የተቀሰመው ከዚያው ነውና። ከነጩ ሞላ ያለ ጣዕም አለው፤ ጣፋጩ ካለፈ በኋላ የአበባው ሽታ አፍ ውስጥ ይቆያል። አዲስ ሲቆረጥ እንደ ወርቅ ጠርቶ ይፈሳል። ብዙ አይቆይም፤ የመጭና የኑግ ማር ቶሎ የመርጋት ጠባይ አለው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት፣ ደጋው ሲቀዘቅዝ፣ ጀሪካን ውስጥ ያለው ይጠጥራል፤ ቀለሙም ይፈዝዛል።

ብዙ ገዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የረጋ ማር ስኳር ገብቶበታል ብሎ የሚመልሰው አለ። መርጋት ግን የማር ተፈጥሮ ነው። ከሁለቱ ዋና ስኳሮች ግሉኮስ የሚባለው በውኃው ውስጥ መሟሟቱ ይከብደዋል፤ ከመጠን ሲያልፍ ቅንጣት እየሠራ ይወጣል። ግሉኮስ የሚበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፣ ፍሩክቶስ የሚበዛበት ለወራት ይፈሳል። ከሁሉ የሚፈጥነው ሙቀቱ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ነው፤ ማለትም የእንጅባራና የሰከላ ብርድ የተመቸ ነው። የረጋ ማር ብርሃን ስለሚበትን ከፈሳሹ ሁልጊዜ ይነጣል። እናም አንዳንዱ «ነጭ ማር» የረጋ ፈዛዛ ቢጫ ማር ቢሆን አይገርምም። ማፍሰስ የሚፈልግ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ዕቃውን ማስቀመጥ ይችላል፤ ቀፎ ውስጥ ያለው ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከ40 ብዙ ማሳለፍ ሽታውን ያባርራል። እሳት ላይ መጣድ ማሩን መግደል ነው።

ቀያዮቹና ጥቁሮቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የባሕር ዛፍ ማር ጠንከር ያለ ሽታ አለው፤ አንዳንዱ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። የግራዋ አበባ የበዛበት ማር ደግሞ ጠቆር ይላል፣ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። መረር ማለቱ ጥፋት አይደለም፤ ቡና የሚወድ ሰው ይህን ማር ቢወድ አያስደንቅም። ጎጃም ውስጥም ከኅዳሩ ሌላ በግንቦትና በሰኔ የሚቆረጥ ሁለተኛ ማር አለ። ከበልግ ዝናብ በኋላ ካበቡት ዛፎች ስለሚቀሰም ከቢጫው ይጠቁራል፤ መጠኑ ያንሳል። ገበያ ላይ ግን ሁለቱ «የጎጃም ማር» ተብለው ይቀላቀላሉ። አንድ ቤት ለሁለት ዓይነት እህል አንድ ጎተራ ቢሠራ እንደማለት ነው።

ጣዝማን በዚህ ሰልፍ ውስጥ ማስገባት ይከብዳል። የምትሠራው መርፌ የሌላት፣ ከመሬት ሥር የምትኖር ትንሽ ንብ ናት። ማሯ ቀጭን፣ ውኃ የበዛበት፣ ኮምጠጥ የሚል ነው፤ ሰው ለመድኃኒት ብሎ በውድ ይገዛዋል እንጂ በዳቦ አይበላውም። በነገራችን ላይ፣ ጣዝማም ሆነ ሌላ ማር፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማላስ አደገኛ ነው። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የአንድ ባክቴሪያ ዘር ለትልቅ ሰው ምንም አያደርገውም፤ የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን አድጎ ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

አንድ የማር ቀማሽ ምዕራብ ጎጃምን ቢዞር የሚያገኘው ትልቁ ጉድለት ከአበባው አይደለም፤ ከአቆራረጡ ነው። ባህላዊው ቀፎ ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተጎንጉኖ በእበት ይለሰናል፤ በቤት ታዛ ወይም በዛፍ ላይ ይሰቀላል። ሲቆረጥ በብዙ ጭስ ስለሆነ ማሩ ጭስ ጭስ ይላል። ማር ሽታ የሚይዝ ነገር ነው፤ አንዴ ጭስ ከገባው ማውጫ የለውም። ከዚያም የተከደነውና ያልተከደነው የማር እንጀራ፣ እጩና የአበባው ዱቄት ሳይቀር አንድ ላይ ይጨመቃል። ንብ ቀሰሙን አምጥታ ውኃውን በክንፏ እያራገበች ካደረቀችው በኋላ ነው በሠም የምትከድነው። ሳይከደን የተቆረጠ ማር እርጥበቱ ይበዛል፤ ከርሞ ይፈላል፣ ይኮመጥጣል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ የማር እርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ለጠጅ ይህ ሁሉ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ጠጁ ራሱ መፍላት ነው፣ ጌሾውም ብዙ ይሸፍናል። የአገሪቱ ማር አብዛኛው ወደ ጠጅ ስለሚሄድ ገበሬው ማር ለይቶ የሚቆርጥበት ምክንያት ሳይኖረው ኖሯል። ለጭቃማውም ለወለላውም ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ማን ሌሊቱን ሙሉ ሲለይ ያድራል? ፍሬም ያለው ዘመናዊ ቀፎ፣ በተለይ ዛንደር የሚባለው ዓይነት፣ ይህን ለማቃለል ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ሲያጠናው ከኖረው አንዱ ይህ ነው። በባህላዊ ቀፎ በዓመት አምስት ስድስት ኪሎ ገደማ ሲገኝ በዘመናዊው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ግን እጩ ሳይነካ፣ የተከደነው ብቻ ተመርጦ፣ በማጣሪያ ማሽን ተሽከርክሮ ይወጣል። የአበባው ጣዕም ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው ያኔ ነው። ዋጋው ለብዙ ገበሬ የማይቀመስ መሆኑም እውነት ነው፤ ከአካባቢው እንጨት የሚሠራው የሽግግር ቀፎ መሃከለኛውን መንገድ ይዟል።

የተጭበረበረ ማርስ? ስኳር፣ ሙዝ፣ ዱቄት የገባበት ማር በየከተማው መሸጡ የታወቀ ነው። ገዥው ውኃ ውስጥ ጠብ ያደርጋል፣ በክብሪት ይለኩሳል፣ በአውራ ጣቱ ላይ ያንጠባጥባል። እነዚህ ሙከራዎች በዋናነት የሚያሳዩት የእርጥበቱን መጠን ነው፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ሁሉንም ሊያልፍ ይችላል። ላቦራቶሪ የሚያደርገው ሌላ ነው። ሱክሮስ የሚባለው ተራ ስኳር በአብዛኛው ማር ከመቶ 5 እጅ መብለጥ የለበትም፤ መብለጡ ያስጠረጥራል። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ፀሐይን ተጠቅመው ስኳር የሚሠሩበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው ከአብዛኞቹ አበቦች ስለሚለይ፣ በካርቦናቸው ላይ የሚቀረው ምልክትም ይለያል፤ በዚያ ይያዛሉ። ቤቱ ላቦራቶሪ ለሌለው ሰው ከክብሪቱ ይልቅ ምላሱ ይሻለዋል። የስኳር ማር ጣፋጩ እንዳለፈ ምንም አይተውም።

የጎጃም ማር ስም የሌለው ዛሬ ይሁን እንጂ ታሪክ የሌለው አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ነበር። ልብ ለሚል ሰው ወሩ የማር ወር ነው። ብሩስ በዚያ ስለሚኖሩት አገዎች ሲጽፍ ከብቱን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና ሠሙን በብዛት እየጫኑ ጎንደርን የሚቀልቡ እነሱ እንደነበሩ ያወሳል። ቤተ መንግሥቱ ጠጁን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጧፉን የሚያገኘው ከዚህ ምድር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ይህ ምድር እየተለወጠ ነው፤ ማሩም አብሮ። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ሆኗል። በቆሎ ለንብ የአበባ ዱቄት እንጂ ቀሰም አይሰጥም። ቀድሞ ኑግ ይዘራበት የነበረው መሬት ለበቆሎ ሲውል የመስከረሙ ቢጫ ይሳሳል። በመራዊ በኩል ደግሞ ገበሬው የእህል ማሳውን ለባሕር ዛፍ እየለቀቀ ነው፤ ይህ ማሩን አይቀንስ ይሆናል፣ ጣዕሙን ግን ይለውጣል። ከሁሉ የሚከፋው የአረም መድኃኒቱ ነው። ገበሬው «ቱ ፎር ዲ» የሚለው ኬሚካል ቅጠለ ሰፋፊውን አረም ያጠፋል፤ ለገበሬው አረም የሆነው መጭ ለንቧ ዋና ቀለቧ ነው። ጤፉና ስንዴው ንጹሕ ሲሆን ቀፎው ባዶ ይሆናል። ፀረ ተባዩ በጠዋት፣ ንብ በተሰማራችበት ሰዓት ሲረጭ ደግሞ ንቧ ራሷ ትሞታለች። ገበሬውን መውቀስ አይቻልም፤ በእጅ ማረም የሚያስወጣውን ጉልበት እሱ ነው የሚያውቀው። ማምሻውን መርጨትና ለጎረቤት ንብ አናቢ አስቀድሞ መንገር ግን ገንዘብ አያስወጣም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዱን ያውካል፤ ነጋዴ እንደ ልቡ አይመላለስም፣ ማር ከነጀሪካኑ ቤት ይከርማል።

ገበያው ሲከፈት የሚያስፈልገው ስም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ኢትዮጵያን ማር ሊልኩለት ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ያስገባት እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። ቡሬ ላይ የአካባቢውን የእርሻ ምርት ለማቀነባበር የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። ዕቃው ላይ «ንጹሕ የተፈጥሮ ማር» ብሎ መጻፍ ግን ምንም አይነግርም፤ ሁሉም እንዲያ ይላል። «የመጭና የኑግ ማር፣ ደቡብ አቸፈር፣ ኅዳር» ብሎ መጻፍ ሌላ ነው። የፓሪሶቹ ቤቶች ሰው ተሰልፎ የሚገዛቸው ጣዕማቸውን በስም ስለሚለዩ ነው፤ ኢስፓሃን የሚለውን ስም የሚያውቅ ሰው ስሙን ጠርቶ ይጠይቃል። የሰከላን የሰኔ ማር በስሙ ጠርቶ መጠየቅ የሚችል የአዲስ አበባ ገዥ ቢኖር፣ ንብ አናቢውም ለይቶ የሚቆርጥበት ምክንያት ያገኛል።

እስከዚያው ገዥ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ከየት ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት ቀፎ። መልስ ያለው ነጋዴ ማሩን ያውቀዋል። ለቅምሻው የሚሆነው ፍርድ ደግሞ ይህ ነው፤ ሽታ ለማይወድ እንግዳና ለሻይ የላስታው ነጭ ይመረጣል፣ ጠጅ ለሚጥል ቤት ቀዩና ጥቁሩ ይበቃዋል፤ ለትኩስ ዳቦ ግን በዘመናዊ ቀፎ ተመርቶ ጭስ ሳይነካው በኅዳር የተቆረጠው የጎጃም ቢጫ ማር ከነጩ አያንስም፣ በሽታው እንዲያውም ይበልጠዋል። ከነጩ ረክሶ መሸጡ ለገዥው ዕድል፣ ለገበሬው ግን ጉዳት ነው።